ወደ ሐይቅ ለሚወርድ የደጋ ሰው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በበዓል ሰሞን ስለ ሐይቅ ዳር መዝናኛ ሲወራ የሆቴሉና የዓሣ ጥብሱ ነገር ይበዛል፤ የመቅዘፊያ አያያዝ ግን አይነሳም። ከደብረ ብርሃንም ሆነ ከመሐል ሜዳ ወደ ቢሾፍቱና ላንጋኖ የሚወርደው ሰው በሬሳንና ጀማን በድልድይ ከመሻገር በቀር ከውሃ ጋር ብዙ ትውውቅ የለውምና ይህችን ብታወጡልን።

የደጋ ሰው ሹራቡን ደርቦ፣ አንዳንዴም ጋቢውን ጨምሮ ጀልባ ላይ ይወጣል። ጥጥና ሱፍ ውሃ ሲጠጡ ይከብዳሉ፤ ቀለል ያለ፣ ቶሎ የሚደርቅ ልብስ ይበቃል። የሕይወት አድን ጃኬቱ ከተቆለፈ በኋላ ሌላ ሰው ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው፤ አገጭ አልፎ ጆሮ ጋ ከደረሰ ሰፍቷል፣ ውሃ ውስጥ ሾልኮ ይወጣል። የአዋቂውን ለልጅ ማልበስ ራስን ማታለል ነው።

አከራይ ያገኘውን መቅዘፊያ ያስይዛል። ለካያክ፣ ማለትም ተቀምጠው ግራና ቀኝ ለሚቀዝፉት፣ ለአብዛኛው ሰው ከ210 እስከ 230 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ውሃ ላይ በሚንሳፈፍ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ቆሞ ለሚቀዝፍ ደግሞ መቅዘፊያው አጠገቡ ቀጥ ብሎ ሲቆም፣ ወደ ላይ የተዘረጋ እጁ አንጓ እጀታው ላይ ማረፍ አለበት።

ካያክ ውስጥ የሚገባ ሰው መጀመሪያ ይቀመጥ፣ ከዚያ እግሩን ያስገባ። አንዱን እግር መሬት፣ ሌላውን ጀልባ ላይ አድርጎ መቆም የሚያስከትለው ይታወቃል፤ እግር ሁለት ነው ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ጀማሪ በክንዱ ብቻ ስለሚቀዝፍ ቶሎ ይዝላል። ጉልበቱ ያለው ወገብ ላይ ነው፦ ሰፊውን ጫፍ በእግር ጣት አንጻር ሙሉ በሙሉ አስምጦ፣ ደረትን እያዞሩ መሳብና ዳሌ ጋ ሲደርስ ማውጣት። ከዳሌ አልፎ የሚሳበው ጀልባውን ያዞረዋል እንጂ አያስኬደውም።

ከሁሉ የሚከፋው ነፋስ ነው። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ጠዋት ረግተው ከሰዓት በኋላ ይናወጣሉ፤ ስለዚህ ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ይመረጣል። ሲወጡ ነፋሱን ፊት ለፊት መቀበል፣ ሲመለሱ በእሱ መገፋት። ብዙው ሰው ተቃራኒውን ያደርጋል፦ ነፋሱ ከኋላ ሲገፋው የራሱ ጉልበት ይመስለዋል፣ መዞር ሲፈልግ ግን ጉልበቱ አልቋል። የቢሾፍቱዎቹ ሐይቆች የሆራና የባቦጋያ ነገር ደግሞ ይብሳል። የእሳተ ገሞራ አፍ ስለሆኑ ገደሉ ዳሩን ይከልላል፤ ከዳር ረጋ ያለው ውሃ መሐሉ ላይ ሌላ ነው፣ ጥልቀቱም ወዲያው ይጀምራል።

ጀልባው ከተገለበጠ ይዞ መቆየት እንጂ ወደ ዳር ለመዋኘት መሞከር አይገባም። የተገለበጠም ቢሆን ይንሳፈፋል፣ ከሩቅም ይታያል። ሰሌዳው ደግሞ ነፋስ ይዞት እንዳይሄድ ገመዱ ቁርጭምጭሚት ላይ ይታሰር።

ጣናና ዝዋይ የሚሄድ ሰው ጉማሬ መኖሩን አይርሳ፤ ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ሸምበቆው ዳር አይቅዘፍ።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን