ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ድርና ማግ እንግዛ

ጎረቤቶቻችን፣ የሰፈራችን ልጆች፣ በውጭ ያላችሁ ወገኖቻችን፤

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ሲነገር የአዲስ አበባዋ የሸማ ሰፈር ሽሮ ሜዳ ለፋሲካ ሽር ጉድ ላይ ነበረች። ሸማኔ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀው ይህንን ወቅት ነው። ከፋሲካ እስከ ግንቦት መጨረሻ ሰርግ በሰርግ ነው። ቀሚሱም፣ ነጠላውም፣ ጋቢውም የሚሸጠው ያኔ ነው። ዘንድሮ፣ በ2012፣ ሰርጉም ድግሱም ቀረ። የተሸመነው ሁሉ ተጣጥፎ ቁጭ ብሏል።

ነጋዴው ስላልሸጠ ቀብድ አይሰጥም። ቀብድ ከሌለ ደግሞ የድር መግዣ የለም። ሸማኔው የሚሠራው እቤቱ ነው፤ እጁ አልታሰረም፣ ያስቀመጠው የክር እጦት ነው። እሱ ሲቆም ማግ የሚፈትሉት እናቶች፣ ጫፉን የሚቋጩት ሴቶች አብረው ይቆማሉ። ጋቢውን የክሩን ዋጋ እንኳ በማይመልስ ብር የሸጠ አባወራ አለ። ምን ያድርግ? ልጆቹ ቁርስና ምሳ ይበሉ የነበረው ትምህርት ቤት ነው፤ እሱም ተዘጋ። የ2012ቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አከራይ ተከራይ እንዳያስወጣ ከለከለ፤ ትልቅ ነገር ነው። ኪራዩ ግን እየተጠራቀመ ነው።

«ለምን ጤፍ አትሰጧቸውም?» ያላችሁን አላችሁ። እኛ የሰፈሩ እድር ለአረጋውያንና ለታመሙ ዱቄት፣ ሽሮና ዘይት ይዘናል። መሥራት ለሚችለው ግን ክር ይሻላል ብለን እናምናለን። ሠርቶ ይበላል፣ ፈታይዋንም ያበላል። እድሩ ክሩን ገዝቶ ይሰጣል፤ ሸማኔው ሲሸጥ ይመልሳል፤ ብሩ ለሚቀጥለው ቤት ይሄዳል። ገዢ ያላገኘውን ልብስ እስከ እንቁጣጣሽ በእድሩ ክፍል እናስቀምጥለታለን፣ በርካሽ እንዳይጥለው።

የእድራችን ገንዘብ በደንቡ ለቀብር ነው። አባላቱ ተስማምተው መነሻውን ከዚያ አውጥተናል። አይበቃም። አብዛኞቹ ሸማኔዎቻችን ጋሞዎች ናቸው፤ ለመስቀል ወደ አገራቸው፣ ወደ ጨንቻ፣ ወደ ዶርዜ፣ ወደ ዘመድ ይገባሉ። ባዶ እጁን የሚገባ እንዳይኖር እንፈልጋለን።

ከ50 ብር ጀምሮ አዋጡ። በዋሽንግተንም በለንደንም ያላችሁ፣ ለአዲሱ ዓመት ልብስ ካሰባችሁ አሁኑኑ እዘዙ፤ ግማሹን ቅድሚያ ክፈሉ። ያ ቀብድ ክር ይሆናል። ገንዘብ የሌለው ያገለገለ መወርወሪያ ወይም የተረፈ ጥለት ክር ቢያመጣ እንቀበላለን።

መዋጮው በእድሩ ጸሐፊ በኩል በደረሰኝ ይገባል። ስትመጡ ማስክ አድርጉ፣ በሩ ላይ እጃችሁን ታጠቡ፣ ተራርቃችሁ ቁሙ። ገቢና ወጪው በየወሩ መጨረሻ በእድሩ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።