እቴቴን ኪኒኗን አታስጥሏት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

የኩላሊት ነርቭን በማቃጠል ስለሚሰጠው አዲስ የደም ግፊት ሕክምና ያወጣችሁትን ጽሑፍ መጀመሪያ የነገረችኝ አክስቴ ናት። እሷ አዲስ አበባ ነው የምትኖረው፤ እኔ ሜሪላንድ፣ የልብ ካቴተር በሚሠራበት፣ ማለትም ቀጭን ቱቦ በደም ሥር አስገብተው ልብን በሚመረምሩበትና በሚያክሙበት ክፍል ነርስ ነኝ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ሲጮህ ደንግጬ ተነሳሁ። «የግፊት ኪኒን ቀረ አሉ እኮ! በብሽሽት ገብተው ነርቩን ያቃጥሉታል፣ አለቀ። አንቺ እዚያው ስላለሽ ጠይቂልኝ» አለችኝ። እንቅልፌን ያጠፋው ግን ቀጥላ ያለችው ነው። «እስከዚያ ኪኒኑን ልተወው መሰለኝ፣ ጨጓራዬን ጨረሰው።»

ጽሑፉን ፈልጌ አነበብኩት። ውሸት የለበትም። ግን እንደ እቴቴ ያለ ሰው ሲያነበው ምን እንደሚያደርግ አልታሰበበትም፤ ለዚህ ነው የምጽፍላችሁ።

ሕክምናው እውነተኛ ነው። ነርቮች ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ቅዳ እንደ ሐረግ ከብበውት ይሄዳሉ። ሥራቸው ሲበዛ ኩላሊት ጨውና ውሃ ይይዛል፣ ሬኒን የሚባል ንጥረ ነገር ይለቃል፣ ግፊት ይወጣል። ስለዚህ ሐኪሙ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ነርቮቹን ከደም ሥሩ ውስጥ ሆኖ ያቃጥላቸዋል። አንደኛው መሣሪያ ጫፉ እንደ ጥምዝ ሽቦ ነው፤ በአራት ነጥብ ለአንድ ደቂቃ ያህል ያሞቃል። ሌላው በውሃ የሚቀዘቅዝ ፊኛ ነው፣ በድምፅ ሞገድ ይሠራል። ነርቭ ነውና ያማል፤ ማስታገሻ ሳይሰጥ አይሞከርም። እኛ የጠበበ የልብ ደም ሥር የሚከፍተውን የሽቦ ቱቦ፣ ስቴንት፣ ስናስገባ ደሙ ሽው ብሎ ሲያልፍ ስክሪኑ ላይ እናየዋለን፣ ሐኪሙም እፎይ ይላል። የኩላሊት ነርቭ ግን አይታይም። ይቃጠል አይቃጠል እዚያው የሚነግርህ ነገር የለም። ሳምንታትና ወራት ጠብቀህ ግፊቱን መለካት ነው።

ታሪኩንም ብትጽፉት ጥሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ጥናት የላይኛው ቁጥር በ32 ወረደ ሲል ብዙ ሐኪም «የግፊት ነገር አበቃለት» ብሎ ነበር። በ2014 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በ535 ሰዎች ላይ የተሠራው ወጣ። በዚህኛው ከሦስት ሰው አንዱ አልጋው ላይ ተኝቶ የኩላሊቱ ደም ሥር በራጅ ብቻ ታየ፣ ነርቩ አልተነካም፣ ሰውየው ግን የትኛው እንደተደረገለት አያውቅም። ከስድስት ወር በኋላ የታከሙት በ14 ገደማ ወረደላቸው። ያልታከሙትም በ12 ገደማ! ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ብዙዎቹ ሐኪሞች ነርቩን በደንብ አዳርሰው አላቃጠሉም ነበር ተብሏል፤ ትክክል ነው። እኔን ግን የገረመኝ ሌላው ነው። ሰው ክትትል ሲደረግለት ኪኒኑን ይውጣል። ግፊቱም ይወርዳል።

ከዚያ ወዲህ መሣሪያው ተሻሽሏል። በኋላ የወጡት ጥናቶች ግፊትን ቀንና ሌሊት እየለኩ ሕክምናው ከማስመሰያው (ነርቩ ሳይነካ እንደታከመ ከተደረገው) በ4 ገደማ እንደሚበልጥ አሳይተዋል። አሜሪካ ሁለት መሣሪያዎችን በኅዳር 2023 ፈቅዳለች። 4 ቀላል አይደለም፣ በተለይ ኪኒን መውሰድ ለሚረሳ ሰው። ነገር ግን ላይኛው ቁጥሯ 170 የሚደርስ ሴት ኪኒኗን አቁማ በ4 ብትወርድ ምን ይጠቅማታል? ሕክምናው የሚጨመረው በኪኒኑ ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ጽሑፋችሁ «ልብንም ያድናል» ብሎ አልፏል። የትኛውን የልብ ክፍል? ግፊት ልብን የሚጎዳው ትልልቆቹን ቧንቧዎች በመድፈን ብቻ አይደለም። ከግማሽ ሚሊሜትር የቀጠኑ፣ በአንጂዮግራፊ (በደም ሥር ራጅ) የማይታዩ ትንንሽ የደም ሥሮች አሉ፤ የልብን ጡንቻ የሚመግቡት እነሱ ናቸው። ግፊት ለዓመታት ሲደበድባቸው ግድግዳቸው ይወፍራል፣ መተላለፊያው ይጠባል። በዚያ ላይ የልብ ጡንቻ ራሱ ይወፍርና ብዙ ደም ይፈልጋል። ጤነኛ ልብ ሥራ ሲበዛበት የሚደርሰው ደም ሦስት አራት እጥፍ ይጨምራል። እነዚህ ሥሮች ሲጎዱ ግን ሁለት እጥፍ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ሰውየው ደረጃ ሲወጣ ደረቱን ጨምድዶ ይይዘዋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። አንጂዮግራፊ ሲነሳ «ንጹሕ ነው» ይባላል።

ይህን ቃል በሥራዬ በጣም ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። አንዲት የእኛው አገር እናት ከምርመራው ወጥተው፣ ብሽሽታቸውን በእጄ ተጭኜ ደሙን እያቆምኩ ሳለ፣ «ልጄ፣ ምንም የለብሽም አሉኝ፤ እኔ ግን ያመኛል፤ አበድኩ ወይ?» አሉኝ። አላበዱም። ስለ ትንንሾቹ ሥሮች የነገራቸው ሰው አልነበረም። ችግሩ ደግሞ በሴቶች ላይ ይበዛል።

የነርቭ ማቃጠሉ እነዚህን ሥሮች ይረዳ ይሆን? ሐሳቡ ያስኬዳል፣ ምክንያቱም ከመጠን በላይ የሚሠራው ያው የነርቭ ሥርዓት ሥሮቹንም ያጠባል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከጀርመን የወጡ ጥናቶች የወፈረው የልብ ጡንቻ ቀነሰ ብለዋል፤ ማስመሰያ ግን አልነበራቸውም። ዴንማርክ፣ ኦርሁስ ላይ በማስመሰያ ተሠርቶ በ2018 የወጣው ደግሞ የልብ ደም በሥራ ጊዜ የመጨመር አቅሙ አልተሻሻለም አለ። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ በሩን አይዘጋውም። ግን በዚህ ላይ ተመሥርቶ «ልብን ያድናል» ተብሎ ለሕመምተኛ አይጻፍም።

ሌላም ልለምናችሁ። በሦስት ኪኒን አልወርድ ላለ ግፊት በርካሽ የሚገኝ አራተኛ ኪኒን አለ፤ ስፓይሮኖላክቶን። እንግሊዝ ውስጥ በ2015 የወጣ ጥናት ለእንዲህ ያለ ግፊት ከተወዳደሩት ሁሉ እሱ በለጠ ብሏል። ፖታሲየም ስለሚያስጨምር በደም ምርመራ መከታተል ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ሐኪም ያዘዘውን እንጂ ከጎረቤት የተዋሱትን አይደለም። ስለ እሱ አንድ ሙሉ ገጽ ብትጽፉ ከእቴቴ ጀምሮ ስንት ሰው ይጠቀማል!

ትናንት ደውዬላት ነበር። ጠዋት ስንት እንደሆነ ስጠይቃት «168 በ94» አለችኝ። የግፊት ኪኒኗን፣ አምሎዲፒንን፣ ሦስት ቀን አልወሰደችም። ስልኩን ሳልዘጋ ተነስታ እንድትውጥ አደረግኋት፤ ብርጭቆው ሲቀመጥ ሰማሁት። ሐሙስ ሐኪሟ ጋ ቀጠሮ አላት፣ ስለ ጨጓራዋም ስለ አራተኛው ኪኒንም ትጠይቀዋለች። ይህን ደብዳቤ ከሐሙስ በፊት ብታወጡልኝ ደስ ይለኛል፤ እኔን ከምትሰማ ጋዜጣውን ትሰማለችና።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት ነርስ፣ ከሜሪላንድ