የአይሲቲ ክበብ ዘንድሮ እንዴት ከረመ?

ዘንድሮ ክበባችን አንድ ነገር ላይ ነው የከረመው፣ ተማሪ ቤቱ ሆኖም ከትምህርቱ እንዳይጠፋ። ክፍል ውስጥ የጀመርነውን ማታ በቴሌግራም ግሩፕ እንቀጥል ተባባልን፣ ግን መጀመሪያ ሰሞን ሥራችን ፒዲኤፍ መወርወር ብቻ ሆነ፣ "እሺ ቲቸር" ይላሉ አለቀ፣ ማን ከፍቶ እንዳነበበው እግዜር ይወቀው። ጉግል ሚትም ሞክረናል፣ የብዙው ልጅ ኢንተርኔት እናቱ ስልክ ላይ ያለች ትንሽ ፓኬጅ ነች፣ ቪዲዮ ደሞ እሷን በአንድ ማታ ሙልጭ ያደርጋታል፣ ቶሎ ተውነው።

ግሩፑ የሞቀው የቴሌግራሙን ኩዊዝ ልጆቹ ራሳቸው ማውጣት ሲጀምሩ ነው። ኩዊዙ ትክክሉን መልስ ወዲያው ያሳያል፣ ለሳተ ሰው ማብራሪያ ብቅ ይላል፣ ማን ምን እንደመለሰ እንዳይታይ ማድረግም ይቻላል፣ እና ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ የማያውቅ ሁሉ እዚህ ይመልሳል። አንዷ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ "ባሕር ዳር ላይ ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?" ብላ ለቀቀች። ሁሉም ማለት ይቻላል 100 አለ። የሷ መልስ ግን 94 አካባቢ ነው፣ ከተማችን ከባሕር ወለል 1800 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል የአየር ግፊቱ ያንሳል፣ ውሃውም 100 ሳይደርስ ይፈላል። ወይ ጉድ፣ ያን ማታ ማን ይተኛ! መጽሐፉ 100 ነው የሚለው ያለ አለ፣ እሱ በባሕር ወለል ነው ብሎ የመለሰ አለ፣ በነጋታው ቴርሞሜትር ይዘን ላብራቶሪ ገባን፣ እውነትም እዚያው 94 አካባቢ ቆመ። ከዛ ሽንብራ እኛ አገር ለምን ቶሎ አይበስልም ወደሚለው ተሻገርን (ይሄኛው እናቶችንም አከራክሯል አሉ)።

ኔት በሌለ ጊዜ ፌት የሚባሉት የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ሲሙሌሽኖች አግዘውናል፣ አንዴ ዳውንሎድ ከተደረጉ ያለኔት ይሠራሉ፣ ልጆቹ በፍላሽ ተቀባበሏቸው።

ስልክ ለሌላቸው ደግሞ ፕሊከርስ አለ፣ ለኔ የዘንድሮ ምርጡ እሱ ነው። ለያንዳንዱ ተማሪ ወረቀት ላይ የታተመ ካርድ ይሰጠዋል፣ የመረጠው ፊደል ወደ ላይ እንዲሆን አዙሮ ያነሳል፣ የመምህሩ ስልክ ብቻ በካሜራ ክፍሉን ዞር ብሎ ያነባል። ካርዶቻችን ግን ተቀዳደዋል፣ ለሚቀጥለው ዓመት ላሚኔት ይደረጉልን ብለን ጠይቀናል። ኩዊዝ ማውጣት የሚፈልግ መስከረም ላይ ይምጣ፣ ጥያቄውን ከነማብራሪያው ይዞ።