ፅንስ ለወረደባትም ሴት የደም ዓይነቷ ይጠየቅ

ክቡር አዘጋጅ፣

በተለምዶ ሾተላይ የሚባለው የእናትና የፅንስ ደም አለመጣጣም ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ወሊድ ብቻ እየሆነ፣ ፅንስ የወረደባቸው ሴቶች ስለሚዘነጉ ይህን ደብዳቤ ልጽፍ ተገድጃለሁ።

የእኔ ደም ኦ ኔጌቲቭ፣ የባለቤቴ ደግሞ ኦ ፖዘቲቭ ነው። የመጀመሪያው እርግዝናዬ በ4ኛው ወር ሲቋረጥ ማህፀኔ ተጠርጎ፣ የሕመም ማስታገሻ ታዝዞልኝ በማግስቱ ወደ ቤቴ ተሸኘሁ። የደም ዓይነቴ በክትትል ካርዴ ጥግ ላይ በእስክሪብቶ ተጽፎ ነበር፤ ነገር ግን ካርዱን ገልጦ ያየ ባለሙያ አልነበረም፣ እኔም ትርጉሙን አላውቅም ነበር። በሁለተኛው እርግዝናዬ በተደረገልኝ ኩምብስ በሚባለው የደም ምርመራ የፅንስን ደም የሚያጠቁ ፀረ እንግዳ አካላት ደሜ ውስጥ ተገኙ። ልጄ በተወለደች በመጀመሪያው ቀን የዓይኗ ነጭ ሳይቀር ቢጫ ሆነ፤ ዓይኗ በጨርቅ ተሸፍኖ ለቀናት በሰማያዊ ብርሃን ሥር ተኝታ፣ ደሟም ተቀይሮላት ነው የተረፈችልኝ።

ደምን ፖዘቲቭ ወይም ኔጌቲቭ የሚያሰኘው በቀይ የደም ሴሎች ላይ መኖር አለመኖሩ የሚታይ አርኤች የተባለ ነገር ነው። አርኤች ፖዘቲቭ ከሆነ ፅንስ ጥቂት ደም እንኳ አርኤች ኔጌቲቭ ወደሆነች እናት ሲገባ፣ ሰውነቷ እንደ ባዕድ ቆጥሮት ፀረ እንግዳ አካላት ያመርታል፤ እነዚህም በሚቀጥለው እርግዝና የእንግዴ ልጁን አልፈው የፅንሱን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳሉ። የበኩር ልጅ ብዙውን ጊዜ ሳይነካ የሚያልፈው በዚህ ምክንያት ነው። እኔ ግን በኩሬን ያጣሁ ጊዜ ሰውነቴ ለሚቀጥለው ልጅ ጠላት ሆኖ መቆየቱን ማን ይንገረኝ!

እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ለሕክምና የዋለው አንቲ ዲ የተባለው መርፌ ይህን ይከላከላል። በ28ኛው ሳምንት አካባቢና ሕፃኑ ፖዘቲቭ ከሆነ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ እንደሚሰጥ ብዙ ሰው ሰምቷል። ይሁን እንጂ ኔጌቲቭ የሆነች ሴት ማህፀኗ ከተጠረገ፣ ከማህፀን ውጭ እርግዝና ከተፈጠረ ወይም ሆዷ ላይ ከተመታች በኋላም በዚያው 72 ሰዓት ውስጥ ያስፈልጋታል። ፀረ እንግዳ አካላቱ አንዴ ከተመረቱ መርፌው አይፈይድም።

እነዚያ ሦስት ቀናት ሴቲቱ በሐዘን ላይ ያለችባቸው ናቸውና እሷ ታስታውስ ማለት አይገባም። ስለዚህ ፅንስ የወረደባት ሴት ከሕክምና ስትሸኝ የደም ዓይነቷ፣ ኔጌቲቭ ከሆነችም መርፌውን የወሰደችበት ቀንና ሰዓት በመሸኛ ወረቀቷ ላይ ተጽፎ እንዲሰጣት የሕክምና ባለሙያዎችን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንዲት እናት