«ፍቅር እስከ መቃብር» ለሲኒማ ሲታሰብ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ከሆነ ወዲህ፣ እዚህ ደሴ የመጽሐፍ ወዳጆች ሲገናኙ ለሲኒማ አዳራሽ የሚበቃ ወጥ ፊልም መቼ ይሠራለት ይሆን መባሉ አልቀረም። እኛም በጉጉት እንጠብቃለን። ክርክሩ ሁሉ ግን ዋናዋን ባለታሪክ ሰብለን ማን ይጫወታት በሚለው ላይ መሆኑ ያሳስበናል፤ ፊልሙ የሚሠምረውም የሚበላሸውም ስክሪፕቱ ላይ ነውና።

የስክሪፕት አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ስለዚህ የሁለት ሰዓት ፊልም 120 ገጽ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፍ ግን ከ500 ገጽ በላይ ነው። ሁሉንም ላስገባ ያለ ጸሐፊ ሁሉንም ነካ እያደረገ ያልፋል፤ ተመልካቹ የሰብለን ፍቅረኛ በዛብህን ሳይለምደው በዛብህ ይሞታል። ለየምዕራፉ «እዚህ ምን ተለወጠ?» ብሎ አንድ መስመር መጻፍ ይበጃል። መልስ ያልተገኘለት ምዕራፍ ምንም ቢጣፍጥ ይቅር። የበዛብህ ወላጆች የቦጋለና የውድነሽ ታሪክ በመጽሐፉ ሰፊ ቦታ አለው፤ ለፊልሙ የግድ የሚያስፈልገው ግን ስለቱ ነው። ልጁ ለቤተ ክርስቲያን የተሳለ መሆኑ በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ካልታየ፣ በኋላ በፍቅር ሲያዝ ጭንቀቱ ከየት እንደመጣ አይገባንም።

ከሁሉ የሚከብደው የዘመኑን ልማድ የሚተቸው ጉዱ ካሣ ነው። ብዙዎቻችን ንግግሩን የምናስታውሰው በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ነው፤ ሬዲዮ ላይ ድምፅ ብቻውን ይበቃል። ካሜራ ፊት ያው ንግግር አራት ደቂቃ ከፈጀ ትዕይንቱ ይሞታል። የሚሻለው ንግግሩን ወደ 40 ሴኮንድ አሳጥሮ የቀረውን በሰሚዎቹ ፊት ላይ ማሳየት ነው፦ ማን ደነገጠ፣ ማን ዓይኑን ሰበረ፣ የሰብለ አባት ፊታውራሪ መሸሻ እጃቸውን ምን አደረጉት። የተቆረጠውን ሁሉ በተራኪ ድምፅ መልሶ ማስገባት ግን ሬዲዮውን በሥዕል ማጀብ ብቻ ነው።

ዘመኑም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ጊዜ ነው፤ የዚያ ዘመን የገጠር መንደር በባሕር ዛፍ ተከቦ መታየት የለበትም። ቆርቆሮ ጣሪያና የመብራት ምሰሶም እንዲሁ። የቆሎ ተማሪ ደበሎና አኩፋዳ ይኑረው፤ በፋብሪካ ክር የሚያብለጨልጭ ጥልፍ ለማንም አይሁን።

ታሪኩ የጎጃም ነው፤ እዚያው ቢቀረጽ ደስ ይለናል። አዘጋጆቹ ግን እዚህ ደሴ አጠገብ ወዳለው የጦሳና የኩታበር ደጋ ከመጡ ይህን ይወቁ። በመስከረም ለምለም የነበረው መስክ በታኅሣሥ ገለባ ይመስላል፤ አንዱን ትዕይንት ለሁለቱ ወራት ከፍለው ከቀረጹት አይገጥምም። ወሎ በልግ ስላለው የካቲትና መጋቢትም አያስተማምኑም። ከረፋዱ 4 እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ ከአናት ስለምትወርድ የተዋናዩ ዓይን በጥላ ይዋጣል፤ ያን ሰዓት ለቤት ውስጥ ትዕይንት ያውሉት። ጄኔሬተሩ ድምፁ እንዳይሰማ ከኮረብታ ጀርባ ይቀመጥ። ከየቦታው ሰው ሁሉ ዝም ብሎ የ30 ሴኮንድ የአካባቢ ድምፅ ይቀዳ፤ ይህ ከሌለ በአርትዖት ጊዜ ንግግር በተቆረጠ ቁጥር ድምፁ ይዘላል። አጃቢ ተዋንያን ከደሴ ከተመለመሉም በወሎ አነጋገር እንዳይናገሩ አለማማጅ ይመደብላቸው።

ፈቃድም አለ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲ መብት ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ክቡርነታቸው ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ስለሆነ ከወራሾች ጋር በጽሑፍ መዋዋል የመጀመሪያው ሥራ ይሁን።

በመጨረሻ፣ ካሜራ ከመከራየቱ በፊት ተዋንያኑ ጠረጴዛ ከበው ስክሪፕቱን ጮክ ብለው ያንብቡት፤ ሰዓትም ይያዝበት። 120ው ገጽ 150 ደቂቃ ከፈጀ መቆረጥ ያለበት ያኔ ነው። ከቀረጻ በኋላ ለሚጣል ትዕይንት የወጣው ገንዘብ አይመለስም።

የሥነ ጽሑፍ መምህራን
ከደሴ