ከመስመር የወጣችው ሸርጣን፦ የሥነ ሕይወት ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የክበባችን ዓመት ያለቀው በሰባት ጠርሙሶች ዙሪያ ነው። በቤተ ሙከራው መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሰው የኖሩት እነዚህ ጠርሙሶች እያንዳንዳቸው ከመበስበስ በሚጠብቅ ፈሳሽ፣ በፎርማሊን፣ የተነከረች አንዲት ሴት ሸርጣን ይዘዋል። ሸርጣኖቹ የአንድ ዝርያ ናቸው፤ ሁሉም እንቁላል ታቅፈዋል፤ መጠናቸው ግን ይለያያል። የግድግዳ ጋዜጣውም የጥያቄና መልስ ውድድሩም በዕቅዱ መሠረት ተከናውነዋል፤ ስለ እነሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ሴት ሸርጣን እንቁላሏን ጥላ አትሄድም። ከሥሯ በታጠፈው ሰፊ ሆዷ ውስጥ፣ በትናንሽ የሆድ እግሮቿ ጸጉር ላይ አጣብቃ እስኪፈለፈል ድረስ ትሸከመዋለች። የወንዱ ሆድ ጠባብና ሹል ስለሆነ ጾታውን ለማወቅ ገልብጦ ማየት ይበቃል።

ጥያቄያችን አጭር ነበር፦ የእናትየው አካል ሲተልቅ እንቁላሏ ምን ያህል ይበዛል? አባላቱ በአንድ ድምፅ «ወርዷ እጥፍ ከሆነ እንቁላሏም እጥፍ ነው» አሉ። እኔም ዝም አልኩ፤ ለመምህር ከዚህ የከበደ ሥራ የለም።

እንቁላሎቹ የአሸዋ ቅንጣት ያህላሉ። ካጠብናቸው በኋላ በወረንጦ ከጸጉሩ ማላቀቁ ብቻ ሳምንታት ፈጀ። አንድ በአንድ መቁጠር የማይታሰብ ነው፤ ሰማያዊ ሸርጣን የሚባለው የአትላንቲክ ዝርያ በአንድ ጊዜ 2 ሚሊዮን ያህል ይሸከማል። ስለዚህ ሙሉውን ክምር መዘንን፤ ከዚያ ቆንጥረን የወሰድነውን ለብቻው መዝነን በማይክሮስኮፕ ሥር ቆጠርንና አባዛነው። የመጀመሪያው ውጤት አሳፋሪ ነበር። ሁለት ቡድኖች ያንኑ ክምር ቆጥረው የአንዱ ድምር የሌላውን እጥፍ ሆነ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ውኃው በማጣሪያ ወረቀት ሳይመጠጥ እንዲመዝኑ የፈቀድኩት እኔ ነበርኩ። እንደገና ጀመርን።

የቅርፊቱን ወርድና የእንቁላሉን ቁጥር በግራፍ ወረቀት ላይ ስናነጻጽር ነጥቦቹ ቀጥ ብለው በመሄድ ፈንታ ሽቅብ ተቆለመሙ። የሒሳብ መምህሩ መጥተው «ሁለቱንም በሎጋሪዝም ሣሉት» አሉ፤ ነጥቦቹም ተሰለፉ። ምክንያቱን ያሳየችን አንዲት የዘጠነኛ ክፍል አባል ናት። ጎናቸው 2 እና 4 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት የወረቀት ሳጥኖች ሠርታ ትንሹን በዶቃ እየሞላች ወደ ትልቁ ገለበጠች። ትልቁ የሞላው በስምንተኛው ነው። የምንለካው ወርድ ነው፤ እንቁላሉ የሚያድገው ግን በቅርፊቱ ውስጥ ባለው ክፍት ቦታ ነው፤ ያ ቦታ ደግሞ በርዝመትም በወርድም በጥልቀትም ይሰፋል። አንሰን ሃይንስ የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1982 ብዙ ዝርያዎችን አነጻጽረው እንዳሳዩት፣ የአንድ ጊዜ እንቁላል ክብደት በአብዛኛው የእናትየውን ክብደት 10 በመቶ ያህል ነው፤ ገደቡን የሚያበጀውም ይኸው የቅርፊቱ ጥበት ነው። የእንቁላሉ ቁጥር ግን በእያንዳንዱ እንቁላል ግዝፈትም ይወሰናል። የወንዝ ሸርጣኖች ጥቂትና ትላልቅ እንቁላሎች ይጥላሉ፤ ልጆቻቸውም በእጭነት ሳይዋኙ ትንሽ ሸርጣን ሆነው ይወጣሉ።

ከሰባቱ ትልቋ ግን ከመስመሩ በታች ወደቀች። «ትሰረዝ» ያሉ ነበሩ፤ ክርክሩ አንድ ሙሉ ስብሰባ በላ። በመጨረሻ አንድ ልጅ እንቁላሏን ዳግመኛ በማይክሮስኮፕ አይቶ «መምህር፣ እያዩኝ ነው!» ብሎ ጮኸ። በእያንዳንዱ እንቁላል ውስጥ ሁለት ጥቁር ነጥቦች ነበሩ፤ የጽንሱ ዓይኖች። ፎርማሊኑ ቀለሙን ስላደበዘዘው እስከዚያ ድረስ ልብ አላልንም። እንቁላል በእቅፍ በቆየ ቁጥር ከፊሉ ይረግፋል፤ የተረፈውም ውኃ እየጠጣ ስለሚያብጥ እቅፉ ሙሉ ይመስላል። እኛ ደግሞ ሊፈለፈል የተቃረበውን ገና ከተጣለው ጋር ስናወዳድር ከርመናል።

ነጥቧን አልሰረዝንም፤ በቀይ እርሳስ አከበብናት። ጠርሙሶቹ ወደ መደርደሪያቸው ሲመለሱ በመለያ ወረቀታቸው ላይ ከወርድና ከክብደት በታች አዲስ መስመር ተጨምሮባቸዋል፦ «ዓይን አለው / የለውም»።