ሰርዲኒያን ስትጽፉ አሲናራን አትዝለሏት

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ ጣሊያኗ ደሴት ስለ ሰርዲኒያ ያወጣችሁትን የጉዞ ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ባሕሩ አለ፣ አሸዋው አለ፣ የበጉ አይብ አለ። ኑራጌ የሚባሉት በድንጋይ የተካቡ ጥንታዊ ማማዎችም አልቀሩም። አንዲት ቦታ ግን ፈልጌ አጣሁ፤ አሲናራን።

አሲናራ በሰርዲኒያ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ ያለች ትንሽ ደሴት ናት፤ ስፋቷ ወደ 52 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ ሆናለች። ነጫጭ አህዮቿን ለማየት ሰው በጀልባ ይጎርፋል። እኛን ግን የምትነካን በሌላ ነው። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ ፋሺስት መኳንንቱንና የተማረውን ለቃቅሞ ሲያግዝ፣ ብዙዎቹን ያጎረው እዚያ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ሮማነወርቅም ከልጆቻቸው ጋር እዚያ ታስረዋል። ባለቤታቸው ደጃዝማች በየነ መርዕድ በዚያው የካቲት ተረሽነዋል። ልዕልቲቱም አገራቸውን ሳያዩ በ1940 እ.ኤ.አ. ቱሪን ላይ አረፉ።

ጸሐፊው ሰርዲኒያን እንደ ማንኛውም የጣሊያን ክፍለ ሀገር ማለፉም አልተዋጠልኝም። ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልዩ የራስ አስተዳደር ያላት ክልል ናት። የራሷ ምክር ቤት፣ የራሷ ቋንቋ አላት። ሰዎቿ በሮም ላይ ያላቸው ቅሬታ የቆየ ነው፤ አሲናራ ራሷ ምስክር ናት። በ1885 እ.ኤ.አ. መንግሥት ደሴቲቱን የእስረኞች ሠፈርና የበሽተኞች ማቆያ አደርጋለሁ ብሎ ነዋሪዎቹን አስነሣ። 45 ቤተሰብ ዕቃውን ጠቅልሎ ተሻገረና ስቲንቲኖ የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ቆረቆረ። የእኛ ሰዎች ሲመጡ፣ ደሴቲቱ የራሷን ሰዎች ካጣች ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏት ነበር። በመካከሉ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ የኦስትሪያና የሃንጋሪ ምርኮኞች በበሽታ አልቀውባታል። ኋላ ደግሞ የማፊያው አለቃ ሪና ታስሮባታል። ለአንዲት ትንሽ ደሴት አልበዛም?

የባሕሩን ውበት አልክድም፤ ልብ ይሰርቃል። ግን እዚህ ጣሊያን ያለን ሐበሾች በበጋ ወደ ሰርዲኒያ እንሄዳለን። ጀልባው ከስቲንቲኖ ይነሣል። ይህቺን አንድ መስመር ጣል ብታደርጉልን ምን ነበረበት?

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከቦሎኛ